ሊዝበን በመዳብ ላይ፦ የአንዲት ወደብ ከተማ ጥንታዊ ኅትመት የሚናገረው

ክቡራትና ክቡራን፤

በግድግዳው ላይ ጎልቶ የሚታያችሁ ምስል ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የመዳብ ቅርጽ ኅትመት ነው። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ በ1598 አካባቢ የታተመ ሲሆን፣ የሚያሳየውም የፖርቱጋልን ዋና ከተማ ሊዝበንን ነው። እዚህ በብርሃን ተለቅቆ የምታዩት ዋናው ወረቀት ቁመቱ ወደ 37፣ ስፋቱም ወደ 47 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚህ ጠባብ ስፍራ ላይ ግን አንድ ሙሉ ከተማ ከነቅጥሩ፣ ከነአብያተ ክርስቲያናቱ፣ ከነገበያውና ከነመርከቦቹ ሰፍሮ ይገኛል። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

እንዲህ ያሉ ኅትመቶችን ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በክፈፍ ውስጥ ገብተው በሳሎን ወይም በቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ነው። ጌጥነታቸውን አልነቅፍም፤ ውበታቸው እውነተኛ ውበት ነው። ሆኖም እንደ ጌጥ ብቻ ሲታዩ ዋናው ነገራቸው ሳይታይ ይቀራል ብዬ አምናለሁ። ይህ ወረቀት የአንድ ወደብ ሀብት በምን ላይ እንደቆመ የሚመሰክር ሰነድ ነው፤ የሚመሰክረውም በሥዕሉ ብቻ ሳይሆን ሥዕሉ በተቀረጸበት ማዕድንም ጭምር ነው። መዳብ በዚያ ወደብ ይራገፉና ይጫኑ ከነበሩት ዋና ዋና ሸቀጦች አንዱ ነበርና። ስለዚህ ወደ ከተማዋ ከመግባቴ በፊት ከመዳቡ እጀምራለሁ።

አንጥረኛው መዳቡን እየቀጠቀጠ ስስና ውፍረቱ እኩል የሆነ ሰሌዳ ያወጣለታል፤ ከዚያም ፊቱ አንዳች ጭረት እስከማይታይበት ድረስ ይፈገፈጋል፣ ይወለወላል። ቀራጩ የሥዕሉን ንድፍ በሰሌዳው ላይ ካሳረፈ በኋላ ጫፉ በሰያፍ የተሳለ የብረት መቅረጫ ያነሳል፤ እጀታውን በመዳፉ አስደግፎ ወደ ፊት እየገፋም ከመዳቡ ላይ ቀጭን ክር የመሰለ ፍቅፋቂ እያነሳ ቦይ ያወጣል። መስመሩ እንዲታጠፍ ሲፈልግ እጁን ሳይሆን ሰሌዳውን ነው የሚያዞረው፤ ሰሌዳውም ለዚሁ ሲባል አሸዋ በተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ ይቀመጣል። በወረቀት ላይ ሲታተም ግራው ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ስለሚሆን፣ ቀራጩ ከተማዋን በሙሉ፣ ፊደላቱንና ቁጥሮቹንም ሳይቀር፣ ገልብጦ መቅረጽ አለበት። ስሕተት ቢፈጠር ሰሌዳውን ከጀርባው ቀጥቅጦ፣ ከፊት ፍቆና ወልውሎ እንደገና ከመቅረጽ በቀር ሌላ መንገድ የለም። ይህን ያወቀ ሰው በምስሉ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን የመርከብ ገመድና የቤት መስኮት በሌላ ዓይን ያያታል።

የኅትመቱ ሥራ ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። ሰሌዳው ትንሽ ሞቅ ተደርጎ ወፍራም ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ በተቀረጹት ቦዮች ውስጥ እንዲገባ ከተደረገ በኋላ የሰሌዳው ገጽ ይጠረጋል፤ ስለዚህ ቀለሙ በቦዮቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። በላዩ እርጥብ ወረቀት፣ በወረቀቱም ላይ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይደረብና በሁለት ከባድ ጥቅሎች መካከል በኃይል እንዲያልፍ ይደረጋል። ግፊቱ ወረቀቱን ወደ ቦዮቹ ውስጥ ሰርጎ ቀለሙን እንዲያነሣ ያደርገዋል። በእንጨት ቅርጽ ኅትመት ቀለም የሚቀባው ጎልቶ የቀረው ክፍል ሲሆን፣ በመዳብ ግን ቀለሙን የሚይዘው የተቦረቦረው ነው፤ እጅግ ቀጫጭን መስመሮችን ማውጣት የተቻለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በእርሳስ ፊደል የሚታተም ጽሑፍ ግን እንደ እንጨቱ ቅርጽ ጎልቶ በሚታይ ፊደል ስለሚሠራ ከመዳቡ ጋር በአንድ ማተሚያ ሊወጣ አይችልም። በዚህ ምክንያት ከጀርባው የከተማዋ ታሪክ የተጻፈበት ይህ ወረቀት፣ በሁለት የተለያዩ ማተሚያዎች ውስጥ ሁለት ጊዜ አልፏል።

ከዚህ ሂደት የሚተርፉ ምልክቶች ዛሬም ጥንታዊውን ኅትመት ከዘመናዊ ቅጂ ለመለየት ይረዳሉ። የሰሌዳው ጠርዝ በወረቀቱ ላይ ጥሎት የሄደው ጎድጓዳ መስመር በምስሉ ዙሪያ ይታያል። ቀለሙ ከወረቀቱ ገጽ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በጎን ብርሃን ሲታይ ይለያል። መሐሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ያለው እጥፋትም ወረቀቱ በትልቅ ጥራዝ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቶ እንደነበር ያመለክታል። ማቅለሚያው በእጅ የተደረገ ስለሆነ የአንዱ ቅጂ ጣሪያ ቀይ ሆኖ የሌላው ቀለም ሳይነካው ሊቀር ይችላል፤ የሰሌዳው መስመርም በብዙ ኅትመት ብዛት እየደከመ ስለሚሄድ፣ ቀደም ብሎ የታተመው ጥርት ያለ፣ ዘግይቶ የታተመው ደግሞ የገረጣ ይሆናል።

አሁን ወደ አዘጋጆቹ ልለፍ። ሰሌዳው ካህኑ ጌኦርግ ብራውን በአርታኢነት፣ ፍራንስ ሆገንበርግ በቀራጭነት በ1572 በኮሎኝ የጀመሩት የዓለም ከተሞች ስብስብ አካል ነው። ስብስቡ በስድስት ጥራዞች ወጥቶ በ1617 ሲጠናቀቅ ከ500 የሚበልጡ የከተማ ምስሎችን ይዟል። የእኛ ሰሌዳ የሚገኘው በአምስተኛው ጥራዝ ነው። ብራውን በመጀመሪያው ጥራዝ መግቢያ ላይ የከተማቸው ምስል ያልተካተተላቸው አንባቢዎች ሥዕል እንዲልኩለት ጠይቆ ስለነበር፣ ሥራው የብዙ ከተሞች ክብር የሚወዳደርበት መድረክ ሆነ። በብዙዎቹ ሰሌዳዎች ፊት ለፊት የአገሩን ልብስ የለበሱ ሰዎች ቆመው ይታያሉ፤ ብራውን ለዚህ አንዱ ምክንያት አድርጎ ያቀረበውም፣ ቱርኮች የሰው ምስል ማየት በሃይማኖታቸው ስለተከለከለ ሥዕሎቹን ለጦርነት አይጠቀሙባቸውም የሚል ነበር። ምክንያቱ ዛሬ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም አንድ ቁም ነገር ያስገነዝበናል፤ የከተማ ምስል በዚያ ዘመን በጠላት እጅ ቢገባ ሊጎዳ የሚችል ምስጢር ተደርጎ ይታይ ነበር።

ሆገንበርግ በመኸለን የተወለደ የፍላንደርስ፣ ማለትም የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ፣ ሰው ነው። በአንትወርፕ ሳለ ኦርቴሊየስ በ1570 ላሳተመው ዝነኛ የካርታ መጽሐፍ ብዙ ሰሌዳዎችን ቀርጾ ነበር፤ ነገር ግን በእስፓኝ ንጉሥ ስም ፍላንደርስን ያስተዳድር የነበረው የአልባ መስፍን በሃይማኖት ምክንያት ካሳደዳቸው ሰዎች አንዱ ሆነና ወደ ኮሎኝ ተሰደደ። እርሱ በ1590 ካረፈ በኋላ አምስተኛው ጥራዝ ሲወጣ፣ ፖርቱጋል ከ1580 ጀምሮ በዚያው በእስፓኝ ዘውድ ሥር ነበረች። የሊዝበንን ታላቅነት ለአውሮፓ ያሰራጨው ማተሚያ እንግዲህ ከዚያው ዘውድ በሸሸ ሰው የተቋቋመ ነው። ከሥራው ጋር በተያያዙ በብዙ ሰዎች ሕይወት ውስጥ ይህን የመሰለ ስደት እናገኛለን፤ ከስብስቡ ዋና ዋና ሠዓሊዎች አንዱ የሆነው ዮሪስ ሁፍናገልም አንትወርፕን በ1576 የእስፓኝ ወታደሮች ከዘረፏት በኋላ ጥሏት ወጥቷል።

ሊዝበን በዚህ ስብስብ ሁለት ጊዜ ቀርባለች። በመጀመሪያው ጥራዝ፣ በ1572፣ በአቅራቢያዋ ካለችው ከካሽካይሽ ከተማ ጋር አንድ ወረቀት ተካፍላ ከወንዙ በኩል ተንጣልላ ትታያለች፤ ያ ምስል ከሩቅ የሚመጣ መርከበኛ የሚያየውን ዓይነት ነው። የአምስተኛው ጥራዝ ሰሌዳ ግን ከእርሱ እጅግ ይበልጣል፤ ሠዓሊው ተመልካቹን ከታጉስ ወንዝ በላይ በአየር ላይ ያቆመዋል፤ ከደቡብ ወደ ሰሜን እያየም ከተማዋን እስከ ኋለኛዎቹ ኮረብታዎች ድረስ ይዘረጋለታል። ሰው በፊኛ ወደ ሰማይ የወጣው በ1783 ስለሆነ፣ ከዚያ ቦታ ሆኖ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለው ምስል የሚገኘው መንገዶቹን በእግር እየለኩ፣ ሕንፃዎቹን ከየማማው ላይ እየነደፉ፣ በመጨረሻም ሁሉን በአእምሮ አዋህዶ በአንድ ገጽ ላይ በማስቀመጥ ነው። በመሆኑም መንገዶች እንዲታዩ ሲባል ይሰፋሉ፣ ዐበይት ሕንፃዎች እንዲለዩ ሲባል ይተልቃሉ። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ሠዓሊው ለዓይን የሚታየውን ብቻ ሳይሆን ከተማዋ ስለ ራሷ የምታምነውን እየጻፈ ነበርና።

በሰሌዳው ላይ ያለው የላቲን አርእስት ይህን በግልጽ ይናገራል። ኦሊሲፖ፣ አሁን ሊዝበን የምትባለው፣ በታጉስ ዳር ያለች እጅግ ሰፊ ከተማ፣ የመላው ምሥራቅ፣ የብዙ ደሴቶች፣ የአፍሪካና የአሜሪካ እጅግ የከበረች የንግድ ማዕከል ናት ይላል። አርእስቱን ተከትሎ በቁጥር የተመለከቱ 140 ቦታዎች ዝርዝር አለ። አብያተ ክርስቲያናት፣ ገዳማት፣ የቅጥር በሮች፣ አደባባዮችና መንገዶች በየቁጥራቸው ተመዝግበዋል። እነዚህን ቁጥሮች በሥዕሉ ላይ አንድ በአንድ መከታተል ጊዜ ይወስዳል፤ ከሰሌዳው ጋር መነጋገር የሚጀመረው ግን ያኔ ነው።

ከላይ በኮረብታው ራስ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ግንብ ይታያል። የፖርቱጋል ነገሥታት ለብዙ ዘመን የኖሩት በዚያ ነበር። በ1500ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ንጉሥ ማኑኤል 1ኛ ከኮረብታው ወርዶ በወንዙ ዳር፣ በሪቤይራ፣ አዲስ ቤተ መንግሥት አሠራ። ቤተ መንግሥቱን ከጎኑ ካለው ሰፊ አደባባይ ጋር በሰሌዳው ታችኛ ክፍል ታገኙታላችሁ። ይህን ውሳኔ በሚገባ አስቡት። ንጉሡ መኖሪያውን ከምሽግ ወደ መርከብ ማራገፊያ አወረደ፤ የምሥራቁን ንግድ የሚቆጣጠረው የሕንድ ቤት የተባለው መሥሪያ ቤትም በዚያው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቀመጠ። ከሕንድ የሚመጣው ቁንዶ በርበሬ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የሚመዘነው፣ የሚቀረጠውና የሚከማቸው ከንጉሡ አዳራሾች ጥቂት እርምጃ ርቆ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ በስተ ምዕራብ ደግሞ የመርከብ መሥሪያው አለ፤ ንጉሡ በመስኮቱ ብቅ ሲል ገና ጎድናቸው ያልተሸፈነ መርከቦች ይታዩት ነበር። የዚያን ዘመን ፖርቱጋል ለመረዳት ከዚህ የሕንፃዎች አቀማመጥ የበለጠ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

ወንዙ ላይ ያሉት መርከቦች ለጌጥ የተበተኑ እንዳይመስሏችሁ። ወደ ሕንድ የሚሄዱት ትልልቅ መርከቦች ከሊዝበን የሚነሡት አብዛኛውን ጊዜ በመጋቢትና በሚያዝያ ነበር፤ ምክንያቱም የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞረው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚነፍሰውን የክረምት ነፋስ በወቅቱ ካላገኙት ጉዞው በአንድ ዓመት ይዘገያል። ሁሉ ከተሳካ በመስከረም ገደማ የሕንድ ወደብ ወደሆነችው ጎዋ ይደርሱና በተቃራኒው ነፋስ ይመለሳሉ፤ ደርሶ መልሱ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይፈጃል። የከተማዋ ኑሮ፣ ብድሯ፣ ገበያዋና ጸሎቷ ሁሉ በዚህ የነፋስ ቀን መቁጠሪያ የሚመራ ነበር።

አሁን ወደ መዳቡ ልመለስ። እነዚህ መርከቦች ከሊዝበን ሲነሡ ምን ጭነው ነበር? ሕንድ ከአውሮፓ የምትፈልገው ሸቀጥ ብዙ አልነበረም፤ ከምትፈልጋቸው ጥቂት ነገሮች ግን ከብር ቀጥሎ መዳብ ይገኝበታል። መዳቡ ከመካከለኛው አውሮፓ ማዕድናት፣ በተለይም ፉገሮች የተባሉት የጀርመን አገር የአውግስቡርግ ባለጸጋ ነጋዴ ቤተሰቦች ከያዟቸው የሃንጋሪ ጉድጓዶች፣ በአንትወርፕ በኩል ወደ ሊዝበን ይመጣ ነበር። ከዚያም ከፊሉ ወደ ሕንድ ሄዶ በቁንዶ በርበሬ ይለወጣል፤ ከፊሉ ደግሞ ማኒላ በሚባል የእጅ አምባር ቅርጽ፣ በመዳብ ወይም በናስ ተሠርቶ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይጫናል። የፖርቱጋል ዘውድ በ1548 ከፉገሮች ጋር ለጊኒ ንግድ የሚሆን የናስ ማኒላ እንዲቀርብለት ውል ተፈራርሟል። ዱዋርቴ ፓሼኮ ፔሬይራ የተባለው ፖርቱጋላዊ የባሕር ሰው በ1500ዎቹ መጀመሪያ እንደጻፈው፣ በቤኒን ወንዝ አካባቢ አንድ ሰው በባርነት የሚገዛው ከ12 እስከ 15 በሚደርስ ማኒላ ነበር። የቤኒን ጥበበኞች ደግሞ ማኒላውን እያቀለጡ ዛሬ በዓለም ሙዚየሞች የሚገኙትን ድንቅ ቅርጻ ቅርጾች ሠሩበት፤ በ2023 የታተመ የማዕድን ምርመራም የዚያ ናስ ዋና ምንጭ በጀርመን የራይን ምድር መሆኑን አሳይቷል። ኮሎኝም ያለችው በራይን ዳር ነው።

ይህን የምዘረዝረው ምስሉን ከማዕድኑ ለይተን ማየት ስለማይገባን ነው። በኮሎኝ የሊዝበንን ክብር ለመቅረጽ የዋለው መዳብና በሊዝበን ወደብ ሰውን ለመግዛት ይጫን የነበረው መዳብ በአንድ ዘመን፣ በአንድ የንግድ መረብ ውስጥ ይዘዋወሩ ነበር። በአርእስቱ ውስጥ የአፍሪካ ስም የገባው ለጌጥ አልነበረም።

የተገዙት ሰዎች በሰሌዳው ላይ የት አሉ? በ1551 የተደረገ የሊዝበን ቆጠራ ወደ 100,000 ከሚጠጋው ነዋሪ ውስጥ 9,950ው በባርነት የተያዙ መሆናቸውን መዝግቧል፤ ከ10 ሰው አንዱ ማለት ነው። ውኃ ይቀዱ፣ ጭነት ይሸከሙ፣ ልብስ ያጥቡ፣ ቆሻሻ ወደ ወንዙ ያወርዱ የነበሩት እነርሱ ናቸው። በወንዙ ዳር የሚገኘው የንጉሡ ምንጭ የሚባለው የውኃ መቅጃ ስድስት መውረጃዎች ነበሩት፤ የከተማው ሹማምንት በ1551 ባወጡት ደንብ ጥቁሮች ከየትኛው፣ ነጮች ከየትኛው፣ ሴቶችም ከየትኛው እንደሚቀዱ ለይተው ወሰኑ። የከተማ ምስል የሕንፃውን ስፍራ በቁጥር ይነግረናል፤ በሕንፃው ደጃፍ ማን ከማን ተለይቶ እንደሚሰለፍ ግን ሊነግረን አይችልም፤ አሠሪዎቹም እንዲነግረን አልፈለጉም። ስለዚህ የዘመኑን ቆጠራና ደንብ ከሰሌዳው ጎን አስቀምጦ ማንበብ ግዴታ ይመስለኛል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህች ከተማ ውስጥ የራሳችን የሆነ ታሪክ አለ። እቴጌ እሌኒ የላከችው ማቴዎስ በሕንድ አገር በጎዋ በኩል አድርጎ በ1514 ሊዝበን ሲደርስ ንጉሥ ማኑኤል 1ኛ ተቀብሎታል። ለዚህ መልእክት መልስ የተላኩት ፖርቱጋላውያን በ1520 ምጽዋ ደረሱ፤ በዐፄ ልብነ ድንግል አገር ስድስት ዓመት ያህል ቆይተው ሲመለሱም፣ የንጉሡ መልእክተኛ የሆነው መነኩሴ ጸጋ ዘአብ አብሯቸው ሄዶ በ1527 ሊዝበን ገባ። የተቀበለውም ንጉሥ ዮሐንስ 3ኛ ነበር፤ የዚያ ንጉሥ መቀመጫም ይኸው በሰሌዳው ላይ የምናየው የወንዝ ዳር ቤተ መንግሥት ነው።

ጸጋ ዘአብ በሊዝበን የቆየው ለወራት ሳይሆን ለዓመታት ነው፤ ቆይታውም መልካም አልነበረም። የፖርቱጋል ነገረ መለኮት ሊቃውንት በሰንበት አከባበር፣ በግዝረትና በጾም ጉዳይ ተከራከሩት፤ ቅዱስ ቁርባን እንዳይቀበልም ከለከሉት። ክርስቲያን ሆኖ ሳለ በክርስቲያኖች አገር እንደ መናፍቅ መታየቱ ምን ያህል እንዳሳዘነው በጻፈው የእምነት መግለጫ ውስጥ በግልጽ ይነበባል። መግለጫውን እንዲጽፍ የለመነውና ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቨን ያሳተመው ፖርቱጋላዊው ምሁር ዳሚያኦ ዴ ጎይስ ነው፤ ጽሑፉ በፖርቱጋል እንዳይሠራጭ ወዲያው ታገደ። ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ በአውሮፓ ሊቃውንት ፊት ቦታ ያስገኘ ሥራ በመሆኑ ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ታላቅ ነው።

ይኸው ዳሚያኦ ዴ ጎይስ በ1554 በኤቮራ ከተማ የሊዝበንን ገለጻ በላቲን አሳተመ። በከተማዋ ካሉት ሕንፃዎች በግርማ የሚልቁ ብሎ ከመረጣቸው ሰባት መካከል የቅዱሳን ሁሉ ሆስፒታል፣ የእህል ጎተራው፣ ጉምሩኩ፣ የሕንድ ቤትና የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ይገኛሉ። ምርጫው ከሰሌዳው መንፈስ ጋር ይስማማል፤ ሁለቱም የከተማዋን ታላቅነት በመጋዘኖቿና በጉምሩኳ ይለካሉ። የገለጻው ጸሐፊ ግን በስተ እርጅናው ኢንክዊዚሲዮን የተባለው መናፍቃንን የሚመረምር የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት አስሮ ከፈረደበት በኋላ በ1574 ሞተ፤ ሰሌዳው ሲታተም አልደረሰም።

ሰሌዳው ከታተመ 157 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 1 ቀን 1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ጧት፣ ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ሳለ ከተማዋ በምድር መናወጥ ተመታች። ከሚፈርሱት ቤቶች ሸሽተው ወደ ሰፊው የወንዝ ዳር አደባባይ የወረዱትን ሰዎች ከአንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከባሕሩ የመጣ ማዕበል ጠራረጋቸው፤ በየመሠዊያው ከሚበሩት ሻማዎችና ከየምድጃው የተነሣው እሳትም ለቀናት ነደደ። የሞቱት ሰዎች ቁጥር በአሥር ሺዎች ይገመታል። የወንዝ ዳሩ ቤተ መንግሥት ከነቤተ መጻሕፍቱ ጠፋ፤ የሕንድ ቤት መዛግብትም አብረው ጠፉ። የንጉሡ ሚኒስትር የነበረው የፖምባል ማርኪስ ከመሐንዲሶቹ ጋር ከተማዋን መልሶ ሲሠራ፣ በሰሌዳው ላይ የምናያቸውን ጠመዝማዛ ጠባብ መንገዶች ትቶ መሐል ከተማውን በቀጥታ መንገዶችና በእኩል ብሎኮች አዋቀረው። የቤተ መንግሥቱ አደባባይም የንግድ አደባባይ ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1757፣ የፓሪሱ ቀራጭ ዣክ ፊሊፕ ለባ የፍርስራሾቹን ምስል በመዳብ ቀርጾ አሳተመ፤ ሊዝበን በሀብቷ ዘመን በመዳብ ላይ እንደታየች ሁሉ በፍርስራሽነቷም በመዳብ ላይ ታየች።

የ1598ቱ ሰሌዳ ዋጋው የተለወጠው ከዚህ ጥፋት በኋላ ነው። ሲታተም የሕያው ከተማ ኩራት ነበር፤ ከ1755 በኋላ ግን የጠፋችውን ከተማ አቀማመጥ የሚያሳይ ከጥቂት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። ዳሚያኦ ዴ ጎይስ ያደነቀውን የቅዱሳን ሁሉ ሆስፒታል እንውሰድ። መሠረቱ የተጣለው በ1492 ሲሆን፣ በሮሲዮ አደባባይ ምሥራቃዊ ዳር የቆመ፣ ክንፎቹ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጉ፣ በመካከላቸውም አራት የተከለሉ አደባባዮች የነበሩት ታላቅ ሕንፃ ነበር፤ ከአደጋው በኋላም ተጠግኖ ጥቂት አገለገለና ፈረሰ፣ ቦታውም የገበያ ስፍራ ሆነ። በ1960 የምድር ውስጥ ባቡር ሲሠራ፣ በኋላም ከ1999 እስከ 2001 የመኪና ማቆሚያ ሲቆፈር፣ ዛሬ ፊጌይራ አደባባይ በሚባለው ቦታ ሥር የሆስፒታሉ መሠረቶች ተገለጡ። የቁፋሮ ባለሙያዎቹ ከአፈር ያወጡትን ግንብ ከጥንታዊ ምስሎች ጋር እያስተያዩ የእያንዳንዱን ክፍል ስፍራ ለመለየት ችለዋል። አፈሩ ደግሞ ሰሌዳው ያልያዘውን ጨምሮ ሰጠ፤ የበሽተኞቹ ሳህንና ማሰሮ፣ የመድኃኒት ዕቃና ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሸክላ ከመሠረቶቹ መካከል ተገኝተዋል።

ስብስቡ ዛሬ በበርካታ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት፣ ለምሳሌ በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ በዲጂታል ተዘጋጅቶ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ምስሉን አጉልታችሁ ስትመለከቱ በመጀመሪያ የወንዝ ዳሩን ቤተ መንግሥትና የመርከብ መሥሪያውን፣ ቀጥሎ የሮሲዮን አደባባይና ሆስፒታሉን በየቁጥራቸው ፈልጉ፤ በእነዚህ ሁለት አደባባዮች መካከል ያሉት ጠባብ መንገዶች በ1755 ከጠፋው የከተማዋ ክፍል ዋናዎቹ ናቸው። ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።